ወበቅን ከሐሩር ያልለየ ምክር

ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ አንድ ባለሙያ ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ቀርበው ነበር። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱት ስለ አየር ጠባዩ የተለየ ዝግጅት አያስፈልጋቸውም፤ የሙቀት አገር ልጆች ስለሆኑ ይለምዱታል፤ ምክር የሚያሻው ወደ አውሮፓና ወደ ካናዳ ሄዶ ብርድ ለሚጠብቀው ነው አሉ። ምስክር የጠሩት ሑመራን ነው፤ የሑመራን በረሃ የቻለ ጅዳን ይችላል።

ይህን በአማርኛ መናገራቸው ይገርማል፤ ምክንያቱም ቋንቋው ራሱ ይቃወማቸዋል። ሐሩርና ወበቅ ሁለት ቃል የሆኑት ሁለት ነገር ስለሆኑ ነው፤ ምጽዋን ወይም አሰብን የሚያውቅ አዛውንት ይህን ለማስረዳት መሣሪያ አያስፈልገውም።

ሰውነታችንን ከሙቀት የሚያድነው ላቡ ሳይሆን የላቡ መትነን ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀው ላብ ግን ውኃና ጨው ከማባከን ያለፈ ፋይዳ የለውም። በሚያዝያ ሑመራ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አየሩ ደረቅ በመሆኑ ላቡ ገና ሳይታይ ይተናል፤ ሸሚዝ ላይ የሚቀረው ነጭ የጨው መስመር ለዚህ ማስረጃ ነው። እዚያ ዛፍ ሥር የተጠለለ ሰው በእርግጥ ተጠልሏል። በነሐሴ ጅዳ ቴርሞሜትሩ ከሑመራው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን ቀይ ባሕር አየሩን በእርጥበት ስለሚያጠግበው ላቡ መሄጃ ያጣል፤ ጥላው ከፀሐይ እንጂ ከወበቁ አያስጥልም፤ ሌሊቱም ቢሆን፣ እርጥበቱ ሙቀቱን አምቆ ስለሚያድር፣ እፎይታ የለውም። ሳይንቲስቶች ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር የሚያሳየውን ቁጥር የሚመለከቱት ለዚህ ነው። እርጥበቱ 15 በመቶ የሆነ የ42 ዲግሪ ሐሩር በዚህ መለኪያ 22 ያህል ብቻ ሲሆን፣ እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ የ36 ዲግሪ ወበቅ ግን 31 ይደርሳል። 35 ከሞላ ደግሞ ጤነኛ ሰው እንኳ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ውኃ እየጠጣ ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይቋቋመውም። ባለሙያው ያነጻጸሩት 42ትን ከ36 ጋር ነው፤ በዚህ ስሌት ጅዳ ከሑመራ የተሻለች መዝናኛ ሳትሆን አትቀርም!

«ይለምዱታል» ማለታቸውስ? ሰውነት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሙቀት እንደሚለማመድ አልክድም። ነገር ግን የመለማመዱ ዋና ክፍል ቶሎና አብዝቶ ማላብ ነው፤ ላቡ በማይተንበት አገር ላብ ማብዛት ምን ይረባል? ደግሞስ ከወሎ፣ ከአርሲና ከጅማ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣች ልጅ ሑመራን መቼ አየቻት?

ብርዱን በተመለከተ፣ ቀላል ነው አላልኩም፤ የስቶክሆልም የታኅሣሥ ቀን ስድስት ሰዓት ብቻ መሆኑ ልብን ያጨልማል። ይሁን እንጂ ለብርድ ካፖርት ይደረብለታል፤ ለወበቅ ግን ቆዳ አይወለቅለትም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒሶታ የክፍያ ስምምነት ገብቶ የሚያከብር ቤተሰብ ከጥቅምት 1 እስከ ሚያዝያ 30 (እ.ኤ.አ.) ማሞቂያው እንዳይቋረጥበት ሕግ ይጠብቀዋል። ብርድ ጠበቃ አለው።

በወበቅ ውስጥ ተወልደው ያደጉትስ ምን ያደርጋሉ? ሳዑዲ ዓረቢያ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን ትከለክላለች። ኳታር ክልከላውን ከረፋዱ 4 ሰዓት ትጀምራለች፤ ሙቀቱንም ከእርጥበቱ፣ ከፀሐዩና ከነፋሱ ጋር አጣምሮ በሚያሰላ ሌላ መለኪያ ለክታ፣ ቁጥሩ ከ32.1 ካለፈ በማንኛውም ሰዓት የውጭ ሥራ እንዲቆም አዛለች። ልማድ ይበቃ ቢሆን ኖሮ እነዚህ መንግሥታት ምን አስጨነቃቸው?

እነዚህ ደንቦች ግን በዋነኛነት የታሰቡት ለግንባታና ለሌላ የውጭ ሥራ ነው፤ የቤት ሠራተኞች በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚተዳደሩት በተለየ ደንብ ነው። ማቀዝቀዣው ሳሎን ውስጥ ሲያጓራ ማድ ቤት ከምድጃ ፊት የቆመችው፣ በቀትር ጣሪያ ላይ ልብስ የምታሰጣው ልጅ፣ ሰዓቱን የሚቆጥርላት የለም። ለእርሷ የቀረላት ከአገሯ ከመውጣቷ በፊት የሚሰጣት ገለጻ ነበር፤ እርሱም ሑመራን ጠቅሶ አሰናበታት።