ደመወዝ በየወሩ፣ እህል በዓመት አንዴ

በየስልካችን የሚዞር አንድ ምክር አለ። ኑሮ የከበዳት እናት እሑድ እሑድ የሳምንቱን ወጥ በአንድ ጊዜ ሠርታ፣ በየዕቃው ከፋፍላ ፍሪጅ ታስገባ፤ አስቤዛዋንም በወረቀት ጽፋ በጅምላ ትሸምት፤ ያኔ ወጪዋ ይቀልላል ይላል። ምክሩ ራሱ ክፋት የለውም። ከሥሩ ያለው ግምት ግን አይዋጥልኝም። የደሴና የኮምቦልቻ ጓዳ የጎደለው ሴቶቹ ብልሃት ስላነሳቸው ነው የሚል ይመስላል። ይህን የሚያስተጋቡ ወንዶችም ሞልተዋል፤ አብዛኞቹን ሽንኩርት ኪሎው ስንት ገባ ብላችሁ ብትጠይቋቸው የአምናውን ዋጋ ይነግሯችኋል።

የወሎ እናት በብዛት ሠርቶ ማስቀመጥን ከቲክቶክ አልተማረችም። ሽሮን ብቻ እንይ። ባቄላው፣ አተሩና ሽንብራው ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ በሰፌድ ይበጠራል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ ደርቆ ከጨው ጋር ይገባበትና ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ቀናት የሚፈጅ፣ ጎረቤት የሚጠራራበት፣ ቡና ሳይፈላ የማያልቅ ሥራ ነው። ሲያልቅ ግን ለመንፈቅ የሚበቃ፣ ድስት ከተጣደ በኋላ ግማሽ ሰዓት የማይፈልግ ምግብ ጓዳ ገባ ማለት ነው። በርበሬውም፣ በሶውም፣ ድርቆሹም፣ ቋንጣውም እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሠራው ምግብ ደረቅ ነው፤ ፍሪጅ አይጠይቅም።

ለደሴ ደግሞ ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ድፍን ባቄላ ወይም ሽንብራ በከሰል የጣደ ሰው ያውቀዋል፤ ከሰሉ ያልቃል፣ ባቄላው ጥርስ ላይ እንደ ጠጠር ይቀራል። ታምሶ የተፈጨ ሽሮ ዋናውን እሳት አስቀድሞ የጠጣ ስለሆነ የዕለቱን ማገዶ ይቆጥባል። ድፍኑን መብላት የሚፈልግ ከዋዜማው ይዘፍዝፍ፤ የዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ ይቀቅል። ከዚህ የረከሰ የማገዶ ቁጠባ አላውቅም።

ፍሪጅን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መብራት በሚጠፋበት ቀን የሳምንት ወጥ ፍሪጅ ውስጥ ያላት ሴት ከሌላት ይልቅ ትጨነቃለች። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ተይዘው በቆዩበት ጊዜ መብራትም ባንክም ገበያም በአንድ ላይ ሲጠፋ፣ ቤተሰብ ያቆየው በማድጋና በጣሳ የነበረው ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ነበር።

ከአዲሱ ምክር የምወስደው ቁሌቱን ነው። ሽንኩርት ረከስ ያለ ሰሞን፣ ከቆቦ በኩል የሚመጣው ገበያውን ሲሞላው፣ አምስት ስድስት ኪሎ ገዝቶ፣ ከትፎ፣ በዘይትና በበርበሬ አብስሎ፣ በትንንሽ ዕቃ ማስቀመጥ ፍሪጅ ላለው ቤት እውነተኛ እፎይታ ነው፤ በተለይ ከሥራ መጥታ እሳት ለምታያይዝ። ደሴ ብርድ ስለሆነ እንጀራው አራት አምስት ቀን ይቆያል፤ ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናትና በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ይጀምረዋል። ቁሌቱም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ያለ ፍሪጅ አያድርም። ሁለቱ ከተሞች በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ብቻ ቢለያዩም ጓዳቸው አንድ ዓይነት ሕግ የለውም።

ስለ ምጣድ አንድ ነገር ልጨምር። ምጣድ አንዴ ከጋለ በኋላ ሃያም አርባም እንጀራ ማውጣት ይሻላል፤ መጀመሪያ ለማጋል የሚሄደው መብራት ያው ነው። ችግሩ የኪራይ ግቢ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ እያደገ የሚሄድ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማይበልጥ ፍጆታ ብቻ ነው። አምስትና ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ የሚበላ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ላይ ሲደመር ሁሉም ከፍ ያለ እርከን ላይ ይወጣል። ደሀው ተከራይ እንደ ባለ ጸጋ ይከፍላል። እዚህ ላይ የእናትየዋ ብልሃት ምን ያደርጋል?

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በእኛ አገር ትልቁ ቁጠባ ያለው ድስቱ ውስጥ አይደለም፤ የሚሸመትበት ወር ላይ ነው። የመኸሩ እህል ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጥርና የካቲት ላይ ገበያ ይሞላል። የጃማና የወረኢሉ ጤፍ፣ የደጋው ምስርና ባቄላ፣ የቆላው ማሽላ በብዛት የሚገኘው ያኔ ነው። ገበሬውም የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ሠርግ አለበት፤ ዋጋው ባያስደስተውም ይሸጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ የበልጉ ምርት በሚያስታግስባቸው አካባቢዎች እንኳ እህል ይወደዳል። ይህን ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። የሚያውቀው ሁሉ በጥር ያልሸመተው ግን ጥር ላይ ገንዘብ ስለሌለው ነው። የገና ወጪ ታኅሣሥ 29 አልፎ፣ ጥምቀት ጥር 11 ገብቶ፣ ኪሱ ባዶ በሆነበት ሳምንት ነው እህሉ የሚረክሰው። በ2017ም በ2018ም ደግሞ ረመዳንና ዐቢይ ጾም የካቲት ላይ ተከታትለው ገቡ፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ዘይቱን ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን ፈለገው።

ሰኞ ገበያ ላይ ገንዘብ ይዛ የመጣችና ሳትይዝ የመጣች ሴት በሩቁ ይለያሉ። የያዘችው ትመርጣለች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትከትና ከመሐል ታወጣለች፤ አናቱ ላይ ያለውን ያማረ ምስር ማን ያምናል! በመዳፏ በትና፣ እፍ ብላ፣ አንዱን ባቄላ ትነክሳለች፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከለመጠጠ እርጥብ ነው፣ ኪሎው የውኃ ነው። ነጋዴዋ «ኧረ አብሽሪ እህቴ፣ እመርቅልሻለሁ» ትላታለች። ሁለቱ ሲከራከሩ ቆይተው ዋጋው ይወርዳል፣ በላዩም ሁለት እፍኝ ይመረቃል። ያልያዘችው ደግሞ ማታ ሰፈሯ ጉልት ላይ በስኒ ምስር፣ በማንኪያ በርበሬ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ዘይት ትገዛለች። ክርክርም ምርቃትም የለም። ኪሎ ሲሞላ ከሰኞ ገበያው ዋጋ በላይ ከፍላለች። ጉልት ቸርቻሪዋን አልወቅስም፤ እሷም እንደዚያው በቀን በቀን የምትኖር ናት። ዘይቱማ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ በብዛት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ማንም በብልሃት የሚያወርደው አይደለም።

ሒሳቡን ለማየት ያህል፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር ከ40 እስከ 50 ኪሎ ዱቄት ይፈጃል እንበል። ለስድስት ወር ሦስት ኩንታል ገደማ ነው። በጥርና በነሐሴ መካከል ያለው ልዩነት በኩንታል 2,000 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ 6,000 ብር ይሆናል። ይህን ብር አንዲት እናት ወጥ በማቅጠን፣ ካሮት በመቀነስ፣ እሑድን በምድጃ ሥር በማሳለፍ አታተርፈውም።

ስለዚህ ምክሩ ከእናቶች ወደ ደመወዝ ከፋዮችና ወደ ማኅበራት ይዙር። ብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር አለው። ብድሩ ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለቤት ዕቃ ይሰጣል። ለእህልም ይሰጥ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሦስት ኩንታል ዋጋ ያበድሩና በአሥር ወር ከደመወዝ ይቁረጡ። ተበዳሪዋ የምትከፍለው ወለድ ከምታተርፈው የዋጋ ልዩነት ካነሰ፣ ማኅበሩም እሷም አይጎዱም። የሸማቾች ማኅበራትም እህል መፈለግ የሚጀምሩት ሰልፍ ከበዛ በኋላ፣ ክረምት ላይ ከሆነ ምን ይሠራል? ከገበሬ ዩኒየኖች ጋር ጥር ላይ ይዋዋሉ፣ ያኔ ይጫኑ።

መሥሪያ ቤትም ማኅበርም የሌለው ሰፈር ደግሞ ቅርጫን ያውቃል። በሬ ለመግዛት ስምና ብር የሚያሰባስብ ሰው ለጤፍ ለምን አያሰባስብም? አሥር አባወራ ሠላሳ ኩንታል ለመግዛት ጃማ ድረስ አንድ አይሱዙ ቢልክ፣ የመንገዱን ወጪ ተካፍሎ፣ እህሉንም በመደብ ተካፍሎ ይበላል። እቁብ አለ የሚለኝ ይኖራል። እቁብ ደግ ነገር ነው፤ ዕጣው ግን ጥር ላይ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው፣ ለነሐሴው ባለ ዕጣ እህሉ ተወድዶ ይጠብቀዋል። ቅርጫው የሚሻለው ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚካፈል ነው። ሚዛኑን የሚይዘው ሰው ብቻ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ቅርጫ ላይ የሚፈጠረው ጠብ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ሁሉም ጥር ላይ ቢሸምት ዋጋው አይንርም ወይ የሚል ሰው ልክ ነው፤ ትንሽ ከፍ ይላል። ከፍ የሚለው ግን ገበሬው በሚሸጥበት ሰዓት ነው። አሁን ልዩነቱን የሚበላው መጋዘን ያለው ነው።

ቀሪው ጥያቄ የማስቀመጫ ነው። ጤፍ በዚህ አያስቸግርም፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ከእርጥበት ከተጠበቀ ዓመታት ይቆያል። መጀመሪያ በብዛት የሚገዛው እሱ ይሁን። ማሽላ፣ ሽንብራና ባቄላ ግን ነቀዝ ይበላቸዋል፤ አየር የማያስገባ ከረጢት ካልተገኘ ከሦስት ወር የበለጠ ባይገዛ ይመረጣል። በርበሬ ደርቆ ሳያልቅ ከታሰረ ይሻግታል፤ የሻገተውን ማስፈጨት ደግሞ ጤና ማበላሸት ነው፣ መርዙ በመቁላት አይጠፋም። የደሴ ጭጋግ ለዚህ ጠላት ነው፤ ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ሰው በርበሬውን እዚያ ቢያደርቅ ይቀናዋል።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀበት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ከየገጠሩ መጥተው በአንድ ክፍል ሦስትም አራትም ሆነው የሚኖሩ ልጆች አሉ። አብስሎ ማካፈልን ማንም አላስተማራቸውም፤ አንዷ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ሌላዋ ትጋግራለች፣ ወጡም የወል ነው። ሦስት ኩንታል ጤፍ የሚያቆሙበት ቦታ ግን የላቸውም፤ ፍራሻቸው ሥር እንኳ ሻንጣ ነው ያለው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልነበረበት አገር፣ እነሱን ጥር ላይ ቆጥባችሁ ሸምቱ ማለት ቀልድ ነው። ለእነሱ የሚሆነው የሸማቾች ማኅበሩ ጥር ላይ ገዝቶ መጋዘኑ አስቀምጦ፣ በካርድ በየወሩ በጥር ወር ዋጋ ከነማከማቻ ወጪው ቢሰጣቸው ነው። አሠሪው የመጀመሪያውን ግዢ በቅድሚያ ከፍሎ ከደመወዝ ቢቆርጥ ብድሩ ያለ ባንክ ያልቃል።

ይህን ለማድረግ የማኅበራቱ ጉባኤ ከኅዳር በፊት መወሰን አለበት። የካቲት ላይ የጸደቀ ብድር የሚደርሰው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገበሬው ሸጦ ጨርሷል፣ እህሉ ነጋዴው እጅ ገብቷል።