ዶክተሯ ከክፍሉ አስወጣችኝ

ባለፈው ዓመት እናቴን ለምርመራ ወሰድኳት። እዚሁ ሜሪላንድ ነው። እንደ ልማዴ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዶክተሯ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። «ምግብ አታበዛም፤ እንቅልፏ ደህና ነው፤ ትንሽ ትረሳለች።» ዶክተሯ ታገሰችኝ ታገሰችኝና «አሁን ከእናትሽ ጋር ለብቻችን እናወራለን፤ በስልክ አስተርጓሚ አለን» ብላ በሩን አሳየችኝ። ደሜ ፈላ። እኔ እናቴን የምበድል እመስላለሁ?

ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ በንዴት ስልኬን ስጎረጉር ነው ስለ ላውራ ሞስኬዳ ያነበብኩት። ከዚያም ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። ካሊፎርኒያ ያሉ የአረጋውያን ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኦሬንጅ ካውንቲ በአረጋውያን ላይ የሚደርስ በደልን የሚመረምር ማዕከል አቋቋሙ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና ሶሻል ወርከር አብረው ይቀመጣሉ። አንዱ የበለዘውን ክንድ ያያል፣ ሌላው የባንክ ወረቀቱን።

እኔን የያዘኝ ግን ስለ በለዘ ገላ ያጠኑት ነው። የሽማግሌ ቆዳ ስስ ነው። ደም ማቅጠኛም ከወሰደ በትንሹ ይበልዛል። ታዲያ ሐኪም አጋጣሚውን ከዱላው በምን ይለየዋል? ሞስኬዳና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት 101 አረጋውያንን በየቀኑ እያዩ ተከታተሉ። በአጋጣሚ ከበለዙት ቦታዎች 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እጅና እግር ላይ ነበሩ። አንገትና ጆሮ ላይ አንድም አልተገኘም። አብዛኞቹም ምን እንደነካቸው አያስታውሱም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የተደበደቡትን አዩ። ገላቸው ከበለዘው ውስጥ 90 በመቶዎቹ እንዴት እንደሆነ መናገር ችለዋል። የመርሳት ችግር ያለባቸው ጭምር! ይቺን ቁጥር ደጋግሜ አነበብኳት።

እኛ ዘንድ «ጃጅታለች» ከተባለ አበቃ። «ገንዘቤ ጠፋ» ብትል ጃጅታ ነው። «መታኝ» ብትልም ጃጅታ ነው። በዚያው ውክልና ይፈረማል፣ ቤት ይሸጣል።

የመወሰን ችሎታን የሚመዝን ሐኪም ግን «ትረሳለች» በሚለው አያበቃም። የሚያየው የተያዘውን ጉዳይ ነው። የተነገራትን ትረዳለች? ነገሩ እሷኑ እንደሚመለከት ይገባታል? ግራ ቀኙን ታመዛዝናለች? ምርጫዋን ትናገራለች? የቤት ሽያጭ ውል የከበዳት ሴት ከማን ጋር እንደምትኖር አሳምራ ልትወስን ትችላለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን መነሻው ይኸው ነው፤ ሕግ ችሎታ የለውም ካላለው በቀር ሰው ሁሉ ችሎታ አለው።

ደግሞ ሐኪሞች የማስታወስ ችሎታን በሚለኩበት ፈተና የእኛ ሰው የሚወድቅበት መንገድ ብዙ ነው። «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲሏት በእኛ አቆጣጠር ትመልሳለች፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ። በታኅሣሥ ወቅቱን ሲጠይቋት «በጋ» ትላለች፤ ውጭው በረዶ ነው። ሰዓቱም በስድስት ይዛነፋል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ነጥብ ይቀንስባታል። አስተርጓሚዋ ልጇ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ልጅ በእናቱ ያፍርና መልሱን ያሳምርላታል። ያልጣመውንም ይዘለዋል።

ስለዚህ ሐኪሙ ውጡ ካለን እንውጣ። ካላለንም እኛው ብድግ እንበል። አብዛኞቻችን ወላጆቻችንን እንደ ዓይናችን ብሌን እንደምንጠብቅ አውቃለሁ። ግን የልጅ ልጅ ለማሳደግ የመጡ እናቶችንም አውቃለሁ። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋ አይችሉም፣ ፓስፖርታቸው የልጃቸው መሳቢያ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 60 ከሞላ ስድስት ሰዎች አንዱ በዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል ይላል። ዱላ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ስድቡም፣ ችላ ማለቱም፣ ገንዘብ ላይ ማዘዙም አለበት።

ያን ቀን በሩ ሲከፈት እናቴ እየሳቀች ወጣች። «ምን አወራችሁ?» አልኳት።

«የእኛ ጉዳይ ነው» አለችኝ።

መኪና ውስጥ ዝም ብላ ቆየች። ቤት ልንደርስ ስንል፣ «የባንክ ካርዴን እስቲ እኔው ልያዘው» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።