ጫቱንም ጻፉት እንጂ!

አቦ ሰለቸን! ከሰዓት የተጀመረው በርጫ ሲመሽ ያልቃል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ ይወጣና «የልብ ምት መጨመር ምክንያቱ ምንድን ነው» ተብሎ ይጻፋል። ጫቱ አይጻፍ፣ ቡናው አይጻፍ፣ ኮካው አይጻፍ፣ እራት አለመበላቱም አይጻፍ። ስልኩ ምን ያድርግ? ታይሮይድ፣ ደም ማነስ፣ የልብ በሽታ እያለ ይዘረዝራል። አንድ የልብ ቪዲዮ እስከ መጨረሻ ያየማ ቲክቶክ ሲያስፈራራው ያድራል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ልብ ያፈጥናል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የድሬ ሙቀት ውሃ ጨርሶባችሁ ከሆነማ ይብስበታል።

ቀጥሎ የግፊት ማሽኑ ይመጣል። አለካኩን እዩልኝ፦ ሶፋ ላይ ጋደም ተብሎ፣ ክንድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ማሽኑ ሸሚዝ ላይ ተጠምጥሞ፣ «ስንት አለ? ስንት አለ?» እየተባለ። ክንድ ከልብ በታች ሲወርድ ቁጥሩ ይጨምራል። ወሬም ይጨምራል፣ የተያዘ ሽንትም፣ ለወፍራም ክንድ የጠበበ መጠምጠሚያም። 150 ሲታይ ድንጋጤ፤ በድንጋጤው ሌላ ልኬት፣ 162! ከዚያ የጎረቤት አዛውንት የግፊት ኪኒን «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ይዋጣል። የሚያንገበግበን ይሄ ነው።

ሲሆን ሲሆን ጠዋት ለኩ፣ ከቡናና ከሲጋራ በፊት። ሽንት ተሸንታችሁ፣ ጀርባችሁን ወንበር አስደግፋችሁ፣ እግር ሳታነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም በሉ። ክንዳችሁ ተራቁቶ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ይረፍ። በደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክታችሁ ጻፉት። የሳምንት ጠዋትና ማታ ልኬት ለሐኪም ይጠቅመዋል፤ በአንድ ሌሊት የተደረደረ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

ደረት ጨምድዶ ይዞ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን «ምርቃናው ነው» ብላችሁ አትተኙ። ጫት ለልብ ድንገተኛ ሕመምም ያጋልጣል። ባጃጅ ጥሩና ሆስፒታል ግቡ።

ትኩሳቱም ያው ነው። «ከዓይን ጀርባ ሕመም፣ ቁርጥማት» ይጻፋል፣ ድሬዳዋ መሆኑ ይቀራል። እዚህ ከተማ ትንኝ የምታስተላልፋቸው የትኩሳት በሽታዎች ገብተዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፤ ወባውም አለ። ስልኩ «አይቡፕሮፌን» ቢላችሁ አትስሙት። ደንጌ ከሆነ እሱም፣ ዳይክሎፌናክም፣ አስፕሪንም መድማት ያባብሳሉ። እስክትመረመሩ ፓራሲታሞል፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ለጤነኛ ጉበት ላለው አዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ደንጌ ደግሞ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፦ ሆድ አጥብቆ ካመመ፣ ትውከት ካላባራ፣ ድድ ከደማ ቶሎ ወደ ሕክምና።

በረንዳ ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠውን በርሜልስ ማን ሰርች አደረገው? የደንጌ ትንኝ እዚያ ትራባለች፣ የምትነክሰውም በቀን ነው። ክደኑት!