ማስተካከያ፦ ስለ ኩላሊት ወረፋው

ባለፈው ሳምንት «ከደብረ ማርቆስ የሚሄድ ታማሚ ለኩላሊት ተመዝግቦ ወረፋ ይጠብቃል፤ ገንዘብ ያለው ይቀድመዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። የአሜሪካውን አሠራር ከእኛው ጋር አደባልቄው ነው። እዚያ ከሞተ ሰው የተለገሰ ኩላሊት በመዝገብ ይደለደላል። እኛ ጋ ኩላሊት የሚገኘው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። ለጋሽ ይዘህ ካልሄድክ የምትሰለፍበት ወረፋ የለም። (ከሞት በኋላ የሚለገሰው የዓይን ብሌን ነው።)

ዘመኑንም አዛብቻለሁ። ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። 2015 ያልኩት የፈረንጆቹን ነው፤ የተለመደችው ስህተት።

የፍትሕ ጥያቄው ግን አልቀረም፤ ቦታው ነው የተለወጠው። ዘመድ የሌለውስ? የዘመዱ ኩላሊት ያልገጠመለትስ? ለጋሹ ገበሬ ከሆነ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው እስኪያገግም ሞፈር አይጨብጥም። ማን ይረስለት? ታማሚው እስኪተከልለት ድረስ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ያስፈልገዋል። ለዚያ ብሎ አዲስ አበባ ቤት የሚከራይ አለ፤ ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ። ከተተከለለት በኋላም መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው። ገንዘብ ያለው የሚቀድመው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ ወረፋው ላይ አይደለም።