ቡናችን ኦርጋኒክ ከሆነ መዝገቡ የት አለ?

ጅማ ውስጥ ስለ ቡና በሚካሄድ ስብሰባ ሁሉ ከተናጋሪዎቹ አንዱ የማይዘነጋት አባባል አለች፤ «የእኛ ቡና ሲፈጠርም ኦርጋኒክ ነው» የምትል። ጭብጨባ ይከተላታል፤ ከዚያ ሻይ ይቀርብና ወደየቤታችን እንበተናለን። (የቡና ስብሰባ ላይ ሻይ የሚቀርብበትን ምክንያት ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።)

አባባሏ ሐሰት አይደለችም። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ ብዙው አርሶ አደር ቡናውን የሚያለማው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ነው፤ ማዳበሪያውም የረገፈው ቅጠል ነው። ነገር ግን ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለማስረጃ ነው። ይህን ወለል አድርጎ ያሳየኝ ቡና ሳይሆን ወይን ነው፤ በደቡብ አፍሪካ፣ ስቴለንቦሽ አካባቢ በሚገኝ አንድ የወይን እርሻ በተዘጋጀ ቅምሻ ላይ።

ወይን ጠጪ አይደለሁም። ሥራዬ የቡና ቅምሻ ስለሆነ ግን ማሽተቱ፣ ምጎ አፍ ውስጥ ማዞሩና መትፋቱ እንግዳ አልሆነብኝም። አስጎብኚዋ ብርጭቆ ከማቅረቧ በፊት ወደ ማሳው ይዛን ወጣችና የላም ቀንድ አሳየችን። ባዮዳይናሚክ የሚባለው የግብርና ዘዴ መለያ ይህ ቀንድ ነው። በላም እበት ይሞላና ብርዱ ከመግባቱ በፊት ይቀበራል፤ ወራቱን ከመሬት በታች አሳልፎ ሙቀት ሲመለስ ይወጣል። ከውስጡ ጥቂት ተወስዶ በውኃ ይበጠበጣል፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየተማሰለ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ማሳው ላይ ይረጫል። በመዳፌ ይዤ አሸተትሁት። የእበት ጠረን ጨርሶ ጠፍቶ ዝናብ ያገኘው የጫካ አፈር ይሸታል።

የዘዴው አባት ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ሩዶልፍ ሽታይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ኮበርቪትስ በተባለችና ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኝ መንደር ለገበሬዎች ስምንት ትምህርቶችን ሰጠ፤ በ1928 ደግሞ ዴሜተር የተሰኘው የምርት መለያ ተመሠረተ። ተከታዮቹ የጨረቃንና የከዋክብትን ሁኔታ ቆጥረው ይዘራሉ፣ ይገርዛሉ፣ አንዳንዶቹም ወይን የሚቀመስበትን ቀን ሳይቀር ይመርጣሉ። ቀንዱ ከተራ ኮምፖስት የተለየ ኃይል እንዳለው በሳይንስ አልተረጋገጠም፤ እኔንም አላሳመነኝም።

ያሳመነኝ ሌላ ነገር ነው። ከእርሻው ስንመለስ አስጎብኚዋ አንድ ወፍራም መዝገብ ገለጠች። የትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ያህል መጠን፣ በማን እጅ እንደተረጨ ተጽፎበታል። የሻጋታ በሽታን ለመከላከል መዳብ እንደሚረጩም ሳታፍር ነገረችን። ብዙዎቻችን ኦርጋኒክ ሲባል ምንም ያልነካው ይመስለናል፤ እንደዚያ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ለኦርጋኒክ ወይን ተክል በሰባት ዓመት ውስጥ በሄክታር እስከ 28 ኪሎ ግራም መዳብ ይፈቅዳል። ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይትም ቢሆን አልተከለከለም፤ በደረቅ (ጣፋጭ ባልሆነ) ቀይ ወይን ላይ ለተለመደው በሊትር 150 ሚሊ ግራም፣ ለኦርጋኒኩ 100 ተብሎ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ኅብረቱ «ኦርጋኒክ ወይን» የሚለውን መለያ የፈቀደውም ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ምርት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ጠርሙሱ ላይ ሊጻፍ የሚችለው ፍሬው በኦርጋኒክ መንገድ መመረቱ ብቻ ነበር።

ጣዕሙስ? ከቀመስኋቸው ሁሉ የበለጠብኝ ምንም ዓይነት ማረጋገጫ ያልነበረው ነው። ጅማ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ለብዙ ዓመታት ባዶ መሬት ላይ ሲደርቅ የኖረው ጀንፈላችን (ሳይታጠብ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና) አንዳች ኬሚካል ያልነካው ነበር፤ ሲቀመስ ግን አፈር አፈር እያለ በርካሽ ይሸጥ ነበር። የአጋሮ አካባቢ ማኅበራት ስማቸው የታደሰው እሸቱን ለቅመው፣ አጥበው፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ማድረቅ ሲጀምሩ ነው።

ታሪክ ከተፈለገ ደግሞ ከቀንዱ የሚበልጥ አለን። የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ነው፤ እዚያ ገበሬው መዳብ ሲረጭ ኖረ። በ1971 በሽታው ወደ እኛ ሲገባ ዘላቂ መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በበሽታ ከተመታው ቡና መካከል ጸንተው የቆሙትን ዛፎች ፈልጎ ዘራቸውን ማባዛት ነበር። ከከተማችን አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ውጤት ናቸው፤ 74ቱ የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታል። ቡና የሚቆሉ የውጭ ድርጅቶች ቁጥሮቹን ከረጢት ላይ ያትሟቸዋል፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ነገር የሚተርክላቸው ግን ከእኛ ወገን ብዙ አላየሁም።

ወደ መዝገቡ ልመለስ፤ ችግራችን ያለው እዚያ ነው። ቡና ብቻውን አይቆምም። አጠገቡ በቆሎ አለ፣ ጫት አለ፤ በቆሎው ላይ የአረም ማጥፊያ ይረጫል። ነፋሱ ወዴት ነበር? ማጥፊያው የተረጨበት ማሽን ተመልሶ ቡናው ውስጥ ገብቷል? የሚመልስ ጽሑፍ የለም። በአውሮፓው ሕግ እንደ ቡና ያለ ቋሚ ተክል ኦርጋኒክ ለመባል ከለቀማ በፊት ሦስት ዓመት መጠበቅ አለበት፤ በአንድ ቀን ስንፍና የሚታጣው ይህን ያህል ነው። አዲሱ ደንብ አንድ የአምራቾች ቡድን ከ2,000 አባላት እንዳይበልጥና የራሱ የውስጥ ቁጥጥር እንዲኖረው ይጠይቃል። የደን ጭፍጨፋን የሚመለከተው ሌላው ሕግ ደግሞ በተደጋጋሚ ቢራዘምም የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ መጠየቁ አይቀርም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የማረጋገጫው ባለቤትነት ነው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የሚወጣው ክፍያውን በሸፈነው ላኪ ወይም ዩኒየን ስም ነው። አርሶ አደሩ ያንኑ ቡና ለሌላ ገዢ ልሽጥ ቢል ኦርጋኒክነቱ ወረቀቱ ዘንድ ይቀራል፤ ቡናው እንደ ማንኛውም ቡና ይሸጣል። ያመረተው እሱ፣ ስሙ የሌላ ሰው።

ስለዚህ ለመሠረታዊ ማኅበራቱ ያለኝ ሐሳብ ትንሽና ርካሽ ነው። መዝገቡ በማኅበሩ ስም፣ በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ፤ ትምህርት ቤት የጨረሱ የአርሶ አደር ልጆች ይጻፉት። ቅምሻውም ከከተማ ላቦራቶሪ ወጥቶ ማጠቢያ ጣቢያው ድረስ ይሂድ። አርሶ አደሩ የራሱን ቡና በየቀኑ ይጠጣል፤ ከጎረቤቱ ጋር ጎን ለጎን ተቀድቶ፣ አቆላሉ አንድ ሆኖ፣ ልዩነቱ ሲነገረው ግን ብዙ ጊዜ አልገጠመውም። የውጭ ገዢ ሲመጣም እዚያው ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ማሳውን ይይ፣ ቀጥሎ መዝገቡን ያንብብ፣ በመጨረሻ ይቅመስ። ለቀማው ጥቅምት ላይ ይጀምራል፤ ደብተሩ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በቆሎው በሚረጭበት ሰሞን መከፈት ይኖርበታል።