እሷ እኮ አታውቀኝም

ቤቴ እንግዳ ሲመጣ ሁሌ ያው ነው፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን የመስታወት ሳጥን ያይና "ውይ ደስ ሲል፣ ዓሣ ነው?" ብሎ ጠጋ ይላል፣ ከዛ ሸረሪት መሆኗ ሲገባው ሶፋው ጫፍ ላይ እግሩን ሰብስቦ ይቀመጥና እስኪሄድ ድረስ እኔን ሳይሆን ሳጥኑን እያየ ያወራኛል። ጥያቄውም ሁለት ነው። አትናከስም ወይ? ታውቅሃለች ወይ?

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ልትናከስ ትችላለች፣ ግን የኔዋ ባለ ቀይ ጉልበት ሚሏት የሜክሲኮ ታራንቱላ ናት፣ መርዟን ከንብ ንድፊያ ጋር ነው ሚያወዳድሩት። እንደውም መፍራት ያለባት እሷ ናት፣ ደንግጣችሁ ከእጃችሁ ብትጥሏት ሆዷ ይፈነዳል፣ አለቀ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ያመኛል። አታውቀኝም። ስምንት ዓይን አላት፣ ከስምንቱ አንዱ እንኳን እኔን በቅጡ አይቶኝ አያውቅም፣ ዓለምን ምታውቀው በጸጉሯ በሚሰማት ንዝረት ነው፣ እጄ ላይ ስትወጣ እኔ ለሷ ሞቅ ያልኩ መሬት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ መሬት!

አምና ደግሞ ምግብ አልበላም አለች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። ፌንጣ በወረንጦ አቀርባለሁ፣ ፊቷን ታዞራለች፣ እኔ ግን ሰው ምን አስቀየምኳት ብሎ እንደሚጨነቀው ስጨነቅ ከረምኩ። ከዛ አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ስምንቱም እግር ወደ ሰማይ። አለቀስኩ፣ አላፍርም። በሌሊት ደውዬ የቀሰቀስኩት የቆየ ሸረሪት አርቢ "አትንካት! ቆዳ እየቀየረች ነው፣ ፌንጣው ውስጥ ካለ አውጣው፣ ለስላሳ ሆና ካገኛት እሱ ነው ሚበላት" ብሎኝ ዘጋው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጀርባዋ እንደ ክዳን ተከፈተ፣ ከዛ እግሮቿን አንድ በአንድ ጠባብ ካልሲ እንደሚያወልቅ ሰው ሳብ እረፍ ሳብ እረፍ እያለች አወጣቻቸው፣ ጥርሶቿ ወተት መስለው ነጭ ነበሩ። ሲነጋ አጠገቧ ሌላ ሸረሪት የተኛች ነው ሚመስለው፣ ባዶ ቆዳ።

በነገራችን ላይ ስትናደድ በኋላ እግሮቿ ሆዷ ላይ ያለውን ጸጉር እየፋቀች ትበትንብሃለች፣ አንዴ ፎቶ ላነሳት ፊቴን አስጠግቼ ሦስት ቀን ሙሉ ሳክ ነበር። እሷም በዛው ተመለጠች። ቆዳ ስትቀይር ግን ጸጉሯ እንዳለ ተመለሰ፣ እኔ በንዴት የተመለጥኩት እንደተመለጥኩ አለሁ።

ከዛ መጣ የመዳር ሐሳብ። እነዚህን ሸረሪቶች ከዱር እየለቀሙ ሲሸጧቸው ስለነበር ሳይተስ ሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ንግዳቸውን ይቆጣጠራል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ማራባት ጽድቅ ነው አሉኝ፣ እኔም ለጽድቅ ተነሳሁ። ወንዱን ከሌላ አርቢ ተዋስኩ፣ ውላችን ግልጽ ነው፣ ከሚወለደው ግማሹ የሱ፣ ወንዱም በሰላም ይመለስለት። የዚህ "በሰላም" ነገር ቀልድ አይደለም፣ ሙሽራዋ ሙሽራውን ልትበላው ትችላለች። ምስኪኑ እንደሁ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ቢበዛ ዓመት ገደማ ነው ሚኖረው፣ እሷ ሃያ ዓመት አልፋ ትሄዳለች። እሱም ይህን ያወቀ ይመስላል፣ በሯ ላይ ቆሞ መሬቱን ድም ድም ድም እያደረገ ያንኳኳል፣ ሲገባ ደግሞ የፊት እግሮቹ ላይ ባሉት መንጠቆዎች ጥርሶቿን ወደ ላይ ደግፎ ይይዛል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሰው ጋብቻ አላየሁም። እኔ ካርቶን ይዤ መሀላቸው ለመግባት ቆሜያለሁ፣ ላቤ ይንጠባጠባል፣ የወንዱ ባለቤት በስልክ "በሕይወት አለ? አለ ወይ?" ይለኛል። አምልጦ ወጣ፣ ተመስገን።

ከወራት በኋላ የእንቁላል ከረጢቷን አቅፋ ተቀመጠች፣ ከዛ ተፈለፈሉ። ስንት? ስድስት መቶ ሃያ አራት። የኔ ድርሻ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። አብረው ከቆዩ ይበላላሉ፣ ስለዚህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ፣ እያንዳንዱ ክዳን ላይ በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ፣ በእያንዳንዱ ኩባያ አንድ የተቆረጠ የፌንጣ እግር። አንድ ፌንጣ ያለው ሁለት ወፍራም እግር ነው፣ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፣ እኔ ሠርቼው አልቅሻለሁ።

ማከፋፈል ጀመርኩ። "አንድ ስጦታ ይዤልህ ልመጣ ነው" ስል ሰው ስልክ ማንሳት ተወ፣ በፊት ገንዘብ ልበደር ስደውል እንኳን ያነሱ ነበር። አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ጉንዳን ምታክለውን አይታ "ይቺማ ምን ታረጋለች" ብላ ወሰደች፣ እኔም አመጋገቡን፣ እርጥበቱን፣ ምናምኑን አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት፣ ዋናውን ነገር ረሳሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ደወለች፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

"ሞተችብኝ፣ በጀርባዋ ተንጋላ አገኘኋት።"

"እንዳትነኪያት!" አልኩ፣ ከአልጋዬ ዘልዬ።

ዝም አለች። ከዛ ቀስ ብላ፣

"አበባው ሥር ቀብሬያት እኮ ነው የደወልኩልህ።"