ሠርቶ ማስረከብ ለማን በጀ!

ከሰው ሁሉ የማደንቀው አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ አሥራ ሁለት ፍሬምወርክ ያወዳደረን ሰው ነው። (ፍሬምወርክ ማለት ፕሮግራም ከባዶ እንዳይጀመር ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ የኮድ ማዕቀፍ ነው።) ኮድ መጻፍማ ማንም ይጽፋል። አንዱን መርጦ መግባትም ብልሃት አይደለም፤ ችኩል ሁሉ ያደርገዋል። ሳይመርጡ መክረም ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆደ ሰፊነት ይጠይቃል። የማያልቅ የኢንተርኔት ፓኬጅም ይጠይቃል።

ደግነቱ በዚህ የታደልን ነን። የባክኤንድ ልጆች (ከአፑ ጀርባ ያለውን የሰርቨር ሥራ የሚሠሩት) የተሰበሰቡበት የፈለጋችሁት የቴሌግራም ግሩፕ ግቡ። «ወገን፣ ለኤፒአይ ምን ይሻላል? ጃንጎ፣ ላራቬል፣ ኤክስፕረስ ወይስ ጎ?» የሚል ጥያቄ አታጡም። ኤፒአይ አፑ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት በር ነው፤ ጎ ቋንቋ ነው፣ የቀሩት ፍሬምወርኮች ናቸው። ጠያቂው ምን ሊሠራ እንዳሰበ አይናገርም። የሚጠይቀውም የለም። እንዲህ ያለ የግል ጉዳይ ማንሳት ነውር ነው። መልሱ ግን ይዘንባል። አንዱ «ጎ፣ አለቀ!» ይላል። ሌላው «ራስትን የቀመሰ ወደ ሌላ ቋንቋ አይመለስም» ይላል። ሦስተኛው የላራቬል ቋንቋ የሆነው ፒኤችፒ መሞቱን ያረዳል። ፒኤችፒ ከ1995 ጀምሮ አለ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ፍሬምወርክ በእኛ አቆጣጠር ወጥቶ አያውቅም።) በየሳምንቱ መርዶው ይነገራል፣ ለቅሶ የሚደርስ ግን የለም። ዊኪፔዲያም ዎርድፕረስም ዛሬም በእሱ ነው የሚሠሩት።

ከዚያ የማወዳደሪያው ሠንጠረዥ ይመጣል። አረንጓዴ ምልክት፣ ቀይ ምልክት፣ ፍጥነት፣ የተጠቃሚ ብዛት፣ ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ ያገኘው ኮከብ። ኮከብ ቆጠራ ድሮ የደብተራ ሙያ ነበር፤ ዛሬ የሲኒየር ዴቨሎፐር ሆኗል። ኮከቡ የበዛ ያሸንፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይወጣና ሠንጠረዡ አንድ ዓምድ ይጨመርለታል። እኔ እንዲያውም ስክሪን የማይበቃው ሠንጠረዥ አይቻለሁ። ባለቤቱ የጠየቀኝ አስተያየት ስለ ቀለሙ ነበር።

ፍጥነት ላይ ሲደረስ ሙግቱ ይጦፋል። ቴክኢምፓወር የሚባል ከ2013 ጀምሮ የታወቀ የፍሬምወርኮች ውድድር አለ። ከፈተናዎቹ አንዱ ሰርቨሩ «ሄሎ ወርልድ» የሚለውን ጽሑፍ በሰከንድ ስንት ጊዜ መመለስ እንደሚችል ይለካል። ፊት የሚወጡት በሰከንድ ሚሊዮኖችን ይመልሳሉ። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሰላምታ የምንወድ ሕዝብ ነን። «እንደምን አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ቤት ሰላም፣ ልጆች ሰላም» በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚል ሰርቨር ካገኘን ሌላ ምን ቀረን?

እዚህ ላይ ነገር የሚያነሳ ምቀኛ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ ከአዲስ አበባ የተላከ ጥያቄ ደርሶ እስኪመለስ ብቻ ከመቶ ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል ይላችኋል። በሚወዳደሩት ፍሬምወርኮች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም ይላችኋል። በዚያ ላይ ዳታቤዙ፣ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ ነገር) ያልተሠራለትን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች እያነበበ ሦስት ሰከንድ ሲያንገላታችሁ ያሳያችኋል። ኢንዴክስ መጨመር የአንድ መስመር ሥራ ነው። ችግሩም እሱ ነው። በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር ምን ያከራክራል?

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ክርክራችን እንዳይነጥፍ የሚችሉትን ያደርጋሉ። ራያን ዳል የሚባል ፕሮግራመር ኖድን፣ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደውን መሣሪያ፣ በ2009 ይዞ ብቅ አለ። በ2018 መድረክ ላይ ወጥቶ በኖድ የሚጸጸትባቸውን ነገሮች ዘረዘረና ዴኖን አስተዋወቀ። ዴኖ የኖድ ፊደሎች ተገላብጠው የወጣ ስም ነው። እሱ ፊደል ሲያገላብጥ እኛ ያለቀ ፕሮጀክት አገላበጥን። በ2023 ደግሞ ባን የሚባለው የኖድ ተፎካካሪ 1.0 እትሙ ሲወጣ ሁለተኛ ዙር ተገላበጥን። የኖዱ ፍሬምወርክ ኤክስፕረስ የአምስተኛ እትሙን የመጀመሪያ ሙከራ ያወጣው በ2014 ነው። እትሙ ያለቀው በ2024። አሥር ዓመት! በእኛ አገር ይህን የሚስተካከል ትዕግሥት ያለው ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት «ኤክስፕረስ አበቃለት» ያላለ የለም። አራተኛው እትም ግን ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራ ነበር። ፍላስክ የሚባለውን የፓይተን ፍሬምወርክ ደግሞ ተዉት። የተጀመረው በ2010 የኤፕሪል 1 ቀልድ ሆኖ ነው። ቀልዱ ቁም ነገር ሆኖ ቀረ። እኛ በቁም ነገር የጀመርነው ቀልድ ሆኖ ቀረ።

በጣም የማዝንላቸው ኢንስታግራምን ለሠሩት ልጆች ነው። ጃንጎን አነሱ፣ በ2010 አፑን አወጡ፣ በ2012 ፌስቡክ በአንድ ቢሊዮን ዶላር ሊገዛቸው ተስማማ። ያኔ 13 ሠራተኞች ነበሩ። ዋትስአፕም በ2014 ሲሸጥ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚ ይዞ በኤርላንግ ነበር የሚሠራው። ኤርላንግ ኤሪክሰን በ1980ዎቹ ለስልክ ማዞሪያ ብሎ ያበጀው ቋንቋ ነው። ከግሩፓችን ማንም «ሞክረው» ብሎ አይመክርም። ምስኪኖች! ትንሽ ቢያወዳድሩ ምን ነበረበት?

«ላም አለኝ በሰማይ» ድሮ ተረት ነበር። ዛሬ በወር ይከራያል፣ ስሙም ክላውድ (ደመና) ነው፤ በኢንተርኔት የሚከራይ የሌላ ሰው ሰርቨር። የአወዳዳሪዎቻችን ጥበብ ጫፍ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ፋየርቤዝ ወይስ ሱፓቤዝ? አፕራይት ወይስ ፖኬትቤዝ? ሁሉም ባክኤንድን አስቀድመው ሠርተው የሚያቀርቡ ናቸው። ሱፓቤዝ ሲገለጥ ውስጡ ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ነው፤ ሥሩ በ1986 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ፕሮጀክት። ግን «ፖስትግሬስ ጭኜ እየሠራሁ ነው» ብሎ ቡና ላይ ማን ያወራል?

እንደ ፋየርቤዝ ያለ አገልግሎት የነበረውን ፓርስን የሚያስታውስ ካለ አደራ ዝም ይበል። በጊዜው ከሠንጠረዡ አናት አይወርድም ነበር። ፌስቡክ በ2013 ገዛው፣ በ2016 መጀመሪያ ልዘጋው ነው አለ፣ በ2017 መጀመሪያ ዘጋው። አፑን እሱ ላይ የሠራ ሁሉ ጓዙን ሸክፎ ወጣ። አፕ የሚያስተናግደው ሄሮኩም በነፃ ይሰጥ የነበረውን በ2022 መጨረሻ አቆመ። «ነፃ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «እስከ መቼ» የሚል ዓምድ ያለበት ሠንጠረዥ እስካሁን አላጋጠመኝም። ባይኖርም ይሻላል። ውበቱን ያበላሻል።

ክፍያውማ በዶላር ነው። ካርዱ ሲያትል ወይ ዲሲ ያለች እህት ካርድ ነው። በጁላይ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ቀናት መቶን ተጠጋ፣ ብዙም ሳይቆይ አለፈው። በሠንጠረዡ ላይ ግን «ርካሽ» የሚለው አረንጓዴ ምልክት ንቅንቅ አላለም። እህት ደውላ «ይሄ በየወሩ የሚቆርጥብኝ ነገር ምንድነው?» ትላለች። «ገና እያወዳደርን ነው እህቴ» ትባላለች።

እስቲ ሥራ ላይ ሲውል እንየው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ሦስት ልጆች ጠሩ እንበል። «ልጆቼ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ዕቃ እንደቀረ ስልኬ ላይ ልየው። ሌላ አልፈልግም» አሏቸው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በሰከንድ ስንት ተጠቃሚ እንደሚጠብቁ ይንገሩን።»

«እኔና ልጄ ነን።»

«ከአምስት ዓመት በኋላስ?»

«እሱ ካገባ ሦስት እንሆናለን።»

ልጆቹ ተያዩ። ዕድገቱ ሃምሳ በመቶ ነው። በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ስለዚህ ውይይቱ ተጀመረ። ሬስት ይሁን፣ ግራፍኪውኤል ይሁን፣ ጂአርፒሲ ይሁን? (ሦስቱም የኤፒአይ አሠራር ዓይነቶች ናቸው።) ኤፒአዩ የሚመልሰው አራት ጥያቄ ነው፦ ግባ፣ ዝርዝር አሳይ፣ ጨምር፣ ቀንስ። ለአራቱ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ተመከረ። ልጆቹ እንዳይጣሉ ሁሉም በየተራ ይሞከር ተባለ።

የመጀመሪያው ተረኛ ፋየርቤዝ ነበር። የጋሼ ዕቃ ሁለት ሺህ ዓይነት ነው፦ ፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ምን የሌለ አለ። የፋየርቤዙ ዳታቤዝ ፋየርስቶር በነፃ የሚፈቅደው በቀን 50,000 ሰነድ ማንበብ ነው። የልጆቹ አፕ ደግሞ ዝርዝሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ሺውንም ሰነድ ያነባል። አስሉት። ጋሼ ስልካቸውን 25 ጊዜ ካዩ የቀኑ ኮታ አለቀ። ነጋዴ 25 ጊዜ የሚያየው እስከ ረፋድ ነው። ሃያ ሃያውን እየቆረጡ ማሳየት ይቻል ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ አልነበረም። ልጆቹ ግን የሚያኮራውን መንገድ መረጡና ወደ ሌላ ክላውድ ተዛወሩ።

እዚያም ኩቤርኔቲስ ጠበቃቸው። ጉግል በ2014 ለዓለም የለቀቀው መሣሪያ ነው፤ በብዙ ማሽን ላይ የተበተነ ብዙ ሰርቪስ (ለየብቻው የሚሄድ የፕሮግራም ክፍል) ላለው ድርጅት እውነትም ግሩም ነው። ለጋሼ ሱቅ ሲሆን ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። ለመግቢያው አንድ ሰርቪስ፣ ለዕቃ ዝርዝሩ አንድ ሰርቪስ፣ ለማሳወቂያው አንድ ሰርቪስ ቆመ። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ሰርቪስ ደረሰው ማለት ነው፤ ገና ያላገባችውን ምራት ጨምሮ። ይህን የመሰለ መስተንግዶ የትኛው ባንክ አለው?

ጋሼ እስከዚያው በደብተራቸው ቀጠሉ። ደብተሩ መብራት ሲጠፋም ይከፈታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «ኦፍላይን ሳፖርት» ብለው ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመሩ።

መቼም የማያልፍ የለም፣ አፑ ደረሰ። ጋሼ ልጃቸውን ይዘው መጡ። መመዝገቢያው ተከፈተ። መጀመሪያ የአያት ስም ግዴታ ነው አለ። ሁለቱም የአንድ ቤት ሰዎች ሆነው የተለያየ የአያት ስም ሲሞሉ አፑ «አንድ ቤተሰብ አይደላችሁም» ብሎ ተጠራጠረ። እሱ ታለፈ። ቀጥሎ ስልክ ቁጥር ጠየቀ። የጋሼ 09 ገባ። ልጃቸው ሳፋሪኮም ነው የሚጠቀመው፣ ቁጥሩ በ07 ይጀምራል። ሳፋሪኮም አገራችን ውስጥ በይፋ ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። የልጆቹ ማጣሪያ ግን በ09 ካልጀመረ ወይ ፍንክች። «የተሳሳተ ቁጥር» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። በጣም በፍጥነት ነው የወጣው፣ ይህን ልመሰክርላቸው እችላለሁ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩ። «ልጆቼ፣ በዚህ ቁጥር እኮ አሁን ነው የደወልኩለት» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ የፍሬምወርኩ ችግር ነው» አሉ ልጆቹ። «ወደ ሌላ እየቀየርነው ነው።»